ያልተለካ ዘይት

መስከረም 21

ሙሽሪት፣

እንደምን ሰነበትሽ፤ ልጆቹስ፤ የእማዬ ጉልበትስ እንዴት ሆነ? ስለ እኔ "ደህና ነኝ" ብዬ አላደክምሽም። በሳምንት ሦስት ቀን ደሜ ከማሽን ጋር እየዞረ ደህና ነኝ ማለት ውሸት ነው፤ ታምሜያለሁ ማለቱ ደግሞ እኔንም ሰልችቶኛል። አለሁ በቃ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ብለሻል። ስልክሽን ልጆቹ ይጫወቱበታል፤ ከልጆቹ የተረፈውን ባልሽ ድንቡሼ ያነበዋል፤ ስንደዋወል ደግሞ እማዬ አጠገብሽ ተቀምጣ "ምን አለች? ምን አለች?" እያለች አንድ ነገር አንጨርስም። እኔ የምፈልገው የማድ ቤት ወሬ ነው። በሆቴላችሁ የልብስ ማጠቢያ ክፍል አድራሻ ስጽፍልሽ ሁለታችን ብቻ እንሆናለን።

ነገሩን ታውቂዋለሽ፤ ግን ይኸው እንዳይምታታብን ልጻፈው። የወንድሜ ደምም ሌላውም ከእኔ ጋር ተስማምቷል። ኩላሊቱን እንዳይሰጠኝ የያዘው ክብደቱ ብቻ ነው። ዘጠና አራት ኪሎ ሆኖ ቢላ ሥር አናስተኛውም ብለዋል ሐኪሞቹ። ጥር አሥራ አምስት ይመዝኑታል፤ ሰማኒያ ስምንት ከገባ ቀን ይቆርጡልናል፤ ካልገባ ግን ፋይሌ ይዘጋና ከሰጪ የለሾቹ ወረፋ መጨረሻ እሰለፋለሁ። ያ ወረፋ ደግሞ ለእኔ አይሆነኝም። መርፌው የሚገባበት የክንዴ ደም ስር እየጠበበ ነው። ይሄን ለእማዬ አትንገሪያት።

"የሚበላውን ሁሉ በስልኩ ይመዘግባል፣ ካሎሪውን ይደምራል፣ ግን ፈቀቅ አላለም፤ ምን አጠፋን?" ላልሽኝ፣ የሆስፒታሉን የምግብ ባለሙያ ጠየቅኋት። ገና ሳልጨርስ "ዘይቱንስ ይቆጥራሉ?" አለችኝ። ሰው ዳቦውን ይቆጥራል፣ እንቁላሉን ይቆጥራል፣ ድንቹን በሚዛን ያስቀምጣል፤ ድንቹ የተጠበሰበት ዘይት ግን የትም አይጻፍም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት መቶ ሃያ ካሎሪ ነው፣ ሙሽሪት። ከአንድ እንቁላል ይበልጣል። እኛ ደግሞ ከጠርሙሱ "ጠብ" የምናደርገው ሲለካ ሦስት ማንኪያ ሆኖ ይገኛል። መጥበሻው ላይ የቀረው አይቆጠርም አለች፤ ሽንኩርትና ጎመን ግን የጠጡትን አይመልሱም።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ከጠርሙስ መገልበጥ ቀረ። በማንኪያ ለኪ። ለእሱ ለቀኑ ሁለት ማንኪያ ነው፤ ከዚያ በላይ ጠብ እንዳትል።

ድንቡሼ የሚለውን ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ሲወለድ ጉንጩ ከፊቱ ይበልጥ ነበር። አሁን ደግሞ ስሙን ካላስጣልኩት ብዬ ተነስቻለሁ፤ ይቅር ይበለኝ።

አንቱታውንም ተይልኝ፤ ያን ያህል አላረጀሁም።

የባልሽ እህት


ጥቅምት 5

ይድረስ ለተከበሩ እትዬ፣

እኔም፣ ልጆቹም፣ እማማም ሁላችንም ደህና ነን። መልሴ በመዘግየቱ በጣም ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሆቴሉ በእንግዳ ተጨናንቆ አንሶላው ከአቅማችን በላይ ሆነ፤ በዚያ ላይ አንዱ ማሽን ተበላሽቶ ሰነበተ። እንጂ ረስቼዎት አይደለም።

የማድ ቤት ወሬ ላሉኝ፦ የማበስለው እኔ ነኝ። ከሥራ እንደተመለስኩ የነገውንም ጭምር አዘጋጃለሁ። ጠዋት ግን ጎህ ሳይቀድ ስለምወጣ ምሳውን አሙቀው በምሳ ዕቃው የሚያደርጉለት እማማ ናቸው። እሱም አውቶቡሱን ከመናኸሪያ ለማውጣት ስለሚቸኩል አንጠልጥሎ ይሮጣል።

ዘይቱን እንዳሉኝ አድርጌያለሁ። አንድ ማንኪያ ለይቼ ምስማር ላይ ሰቅያለሁ፤ ልጆቹም እንዳይነኩት ተቆጥቻለሁ። እየሞላሁ በቢላ ጀርባ ከላይ እደለድለዋለሁ። እኔ የማስገባው ሁለት ማንኪያ ነው፣ እትዬ፤ በዚህ አይጠራጠሩኝ። ምስሩንም በውሃ ነው የማበስለው፤ ዶሮውንም ቆዳውን ገፍፌ እቀቅላለሁ። ባለቤቴ "ሆስፒታል ሆስፒታል ይላል" ብሎ ቀልዷል፤ ግን ሳያስተርፍ ይበላል።

እማማ ማንኪያውን ሲያዩ "መድኃኒት ነው እንዴ?" አሉኝ። አዎ ብያቸዋለሁ።

ፋርማሲው ሚዛን ላይ ዘጠና ሦስት ተኩል ሆኗል። ይሄም አንድ ነገር ነው።

አንቱታውን መተው አልሆነልኝም፤ አፌ ለምዶታል።

አክባሪዎ
የወንድምዎ ሚስት


ጥቅምት 26

ሙሽሪት፣

"አክባሪዎ" ስትይኝ የቀበሌ ማመልከቻ የደረሰኝ መሰለኝ። ደግ ነው፤ ይሁን።

ድንቡሼ ደውሎልኝ ነበር። ዘጠና አራት ተኩል ነኝ አለኝ። እየሳቀ ነው የነገረኝ፤ እሱ ሲጨንቀው እንደሚስቅ ታውቂያለሽ። ከጀመርንበት ብሶ መገኘት ምን ይሉታል? የሚዛኑ ነው ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ። ሚዛን በአንድ ኪሎ ይዋሻል እንጂ ወር ሙሉ አይዋሽም።

የምግብ ባለሙያዋ ስልኩ ላይ የመዘገበውን አየችው። በዚህ ምግብ አንድ ትልቅ ሰው መክሳት አለበት፤ ካልከሳ የማይጻፍ ነገር እየበላ ነው አለች። ቀጥ አድርጋ ነው ያለችኝ። እኔም ከአንቺ ጋር ቀጥ ማለት ይሻለኛል፦ መናኸሪያ ውስጥ ይበላል ወይ? ረዳቱን ጠይቂልኝ። ረዳት የሹፌሩን ሆድ ከሚስቱ በላይ ያውቃል።

ሌላም ነገር። የሥራ ሱሪውን ላኪልኝ፤ ሰማያዊውን። ላጥብበው ብላለች በይው፤ ሞራሉ ከፍ ይላል። እኔ ደግሞ ሚዛን ከማምን ስፌት አምናለሁ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ወገብ ስለካ ኖሬያለሁ።

የክንዴን ነገር ልንገርሽ፣ ትንሽ አስቸግሯቸዋል። ከአንገቴ በኩል ሊሞክሩ ነው። ስካርፍ ስለማደርግ አይታይም።

ከሰላምታ ጋር


ህዳር 9

ይድረስ ለእትዬ፣

ስለ ክንድዎ ሰምቼ አዘንኩ። ለእማማ አልነገርኩም። ለባለቤቴም ስለ ስካርፉ አልነገርኩትም።

ረዳቱን ጠይቄዋለሁ። ውጭ ምንም አይበላም፤ ሻይ እንኳ ያለ ስኳር ነው የሚጠጣው አለ። ሌሎቹ ሹፌሮች "ሙሽራ ልትሆን ነው እንዴ?" እያሉ ያሾፉበታል አሉ። ምሳ ዕቃውን ብቻ ነው የሚበላው።

ሱሪውን ልኬልዎታለሁ። የምጠቀልልበት ሌላ ነገር ስላጣሁ ምሳ ዕቃውን በምንጠቀልልበት ጨርቅ አድርጌዋለሁ። ጨርቁ አልታጠበም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ዘይቱን አሁንም እለካለሁ። የማስገባው ሁለት ማንኪያ ነው።

የወንድምዎ ሚስት


ህዳር 18

ለወንድሜ ሚስት፣

ሱሪው ደረሰኝ። ባለፈው ዓመት ያሰፋሁለት እኔ ስለሆንኩ ስፌቱን አውቀዋለሁ። ወገቡ እንደተወጠረ ነው፤ የቁልፉ ክር ሊበጠስ አንድ ሐሙስ ቀርቶታል። ይሄ ሁለት ወር ዘይት የተለካለት ሰው ሱሪ አይደለም።

ጨርቁም ደርሶኛል። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ብዙ ሰዓት አየሁት። መሃሉ ላይ በምሳ ዕቃው ቂጥ ልክ ክብ አለ፤ ቢጫ። ወደ መስኮቱ ይዤው ጣቴ በወዲያ በኩል ታየኝ። ከክዳኑ ሥር እየፈሰሰ፣ እየደረቀ፣ በላዩ ላይ እየፈሰሰ የመጣ ዘይት ነው። ሁለት ማንኪያ ዘይት ለቁርስ፣ ለምሳና ለራት ተከፋፍሎ ጨርቅ አያርስም። እኔ በጨርቅ አልሸወድም፣ አንቺም ልብስ አጣቢ ነሽ፤ ምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ባልሽን መውደድሽ ጥፋት አይደለም። ሁለት ልጆች አሉሽ፤ ሹፌር ነው፤ አንድ ነገር ቢሆን ብለሽ ብትፈሪ አልፈርድብሽም። በአንቺ ቦታ ብሆን እኔም እፈራ ነበር። ግን ፈራሁ በይኝ። "ማንኪያውን በቢላ እደለድላለሁ" እያልሽ እየጻፍሽልኝ ጠርሙሱን አትገልብጪ። ማሽኑ ክፍል አጠገቤ ባለው አልጋ ላይ የነበረችው መምህርት ባለፈው ሳምንት አልመጣችም፤ ማክሰኞም አልመጣችም። አንሶላው ተቀይሮ ሌላ ሰው ተኝቶበታል። ማንም ስሟን አላነሳም። እኔንም እንደዚያ ቀስ ብለሽ ነው የምታሰናብቺኝ።

አላለቅስም። ተናድጃለሁ። መልስሽን እጠብቃለሁ።


ህዳር 26

እትዬ፣

ዛሬ አንቺ ልበልሽ። አንቱ እያልኩ ይሄን መጻፍ አልችልም።

እኔ ልብስ አጣቢ ነኝ። ያንን ጨርቅ ከጥቅምት ጀምሮ በየቀኑ ሳጥበው ከርሜያለሁ፤ በሙቅ ውሃ፣ በሳሙና፣ በሎሚ። ሳላጥብ የላክሁልሽ ረስቼ አይደለም። መናገር ቢያቅተኝ ጨርቁ ይንገርሽ ብዬ ነው።

ዘይቱን የምጨምረው እኔ አይደለሁም። ማሽኑ ተበላሽቷል ያልኩሽ ጊዜ ነው፤ ሥራ ሳንጀምር መለሱንና ፀሐይ እንደወጣች ቤት ደረስኩ። ድንቡሼ ገላውን ይታጠባል። እማማ ምድጃው አጠገብ ቆመዋል። ምሳ ዕቃው ተከፍቷል። የኛ ያልሆነ ጠርሙስ ይዘው ምስሩ ላይ እያፈሰሱ ነው። ማፍሰስ ስልሽ ጠብ ማድረግ አይደለም፤ ይንቆረቆራል። ከዚያ በማንኪያ አማሰሉት፤ ዘይቱ ወደ ላይ ሲመለስ ሩዝ ደረቡበት። በዚያ ጉልበታቸው ሱቅ ሄደው የገዙትን ጠርሙስ አልጋቸው ሥር ነው የሚያስቀምጡት።

አዩኝ። አልደነገጡም። "ቁጭ በይ" አሉኝ ቀስ ብለው፣ እንዳይሰማ። "ሴት ልጄን በሽታ ያዘብኝ። እሷ ሐኪም አላት፣ ማሽን አላት። ጤነኛውን ልጄን ግን እጁን ይዤ ቢላ ሥር አላስተኛም። የሁለቱንም ሬሳ ልቀበል ነው? አንቺም ልጆችሽን አስቢ" አሉኝ።

ልጆቼን አሰብኩ፣ እትዬ። ጥፋቴ ይሄ ነው። ዝም አልኩ። የመጀመሪያ ደብዳቤሽን የመለስኩልሽ ከዚያ በኋላ ነው። ደግመሽ ብታነቢው አንድም ውሸት የለበትም፤ እኔ የማስገባው ሁለት ማንኪያ ነው። ቃሉን መርጬ ነው የጻፍኩት። ስጽፈውም አንዲት ቃል አልሰረዝኩም፤ ያስፈራኝ እሱ ነው።

እማማ አንቺን ስለማይወዱ አይመስለኝም። ፎቶሽን ትራሳቸው ሥር ነው የሚያኖሩት። ፎቶውንም ጠርሙሱንም በአንድ አልጋ ያኖራሉ፤ ይሄ ነው የገባኝ።

ይቅር በይኝ አልልሽም። ምን ላድርግ በይኝ።


ታህሳስ 4

ሙሽሪት፣

በከንቱ ስለተናገርኩሽ ይቅርታ። በከንቱም ላይሆን ይችላል፤ እሱን ቆይተን እንነጋገርበታለን።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ልጆች ሆነን እማዬ ብርቱካን ስታካፍለን ፍሬውን ከፍታ ክፋዩን ትቆጥር ነበር። አሥር ከሆነ አምስት አምስት። አሥራ አንድ ከሆነ አንዱን ራሷ ትበላዋለች፤ ለአንዳችን አታበልጥም። ድንቡሼ ቢያለቅስ ቢንከባለል አትሰጠውም ነበር። እኔ ይቺን እናት ይዤ ነው ያደግሁት። አሁን ግን አንድ ሰው አካፍላ ጨረሰች፤ እኔ አልደረሰኝም። ሌላውን ሁሉ ችዬዋለሁ፣ ማሽኑንም ችዬዋለሁ፣ ይሄንን ግን እንዴት እንደምችለው አላውቅም።

ጥያቄሽን ልመልስ። ምንም አታድርጊ። አትጣያት፣ ጠርሙሱን አትንኪ፣ ለድንቡሼም አትንገሪው። "እትዬ ደክሟታል፣ የሚያበስልላት ሰው ትፈልጋለች፣ እናቴን ላኩልኝ ብላለች" ብቻ በያቸው። ውሸትም አይደለም። የደረጃው መወጣጫ አራት ጊዜ ነው የሚያሳርፈኝ።

እኔ ዘንድ ስትሆን እሱ ጋ አትሆንም። ይኸው ነው።


ታህሳስ 25

እትዬ፣

እማማ በሰላም እንደደረሱ በስልክ ሰምተናል። የልጆቹ ብርድ ልብስ አብሮ ሄዷል አሉ፤ ይቆይ፣ አያስፈልገንም።

በቁራጭ ወረቀት የጠየቅሽኝን፦ አዎ፣ እየቀነሰ ነው። ዛሬ ዘጠና አንድ ሆኗል። እንደዚያው ሁለት ማንኪያ ነው፤ ሌላ ምንም አልለወጥኩም። የመለስሽለት ሱሪም ሰፍቶታል። የሆስፒታሉ ነርስ ደውላ "ጎበዝ!" ብላዋለች።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ለአንቺ ስል ደስ ይለኛል። ግን ቀበቶው አንድ ቀዳዳ ባለፈ ቁጥር ተነስቼ የተኙትን ልጆች አያለሁ።

"እሱስ ደስ ብሎታል ወይ?" ብለሽኛል። እንጃ። ጠዋት እየወጣሁ ሳለ ምሳ ዕቃውን ከፍቶ አይቶ መልሶ ሲዘጋው አየሁት። ፈልጎ ያጣው ነገር ያለ ይመስላል። በየቀኑ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ "እማዬ መቼ ነው የምትመለሰው?" ይለኛል።


ጥር 3

ሙሽሪት፣

ይሄን ደብዳቤ በማለዳው አውቶቡስ የሰደድኩት ከእማዬ ቀድሞ እንዲደርስሽ ነው። እሷ በከሰዓቱ ትመጣለች።

የእማዬን ነገር ልንገርሽ። ስትመጣ ጨው እንደማልበላ፣ ድንች ስበላ እንዴት እንደሚዘጋጅ አንድ ጊዜ ነገርኳት። ሁለተኛ አልጠየቀችኝም። ድንቹን ሁለቴ ትቀቅላለች፣ ሁለቴም ውሃውን ትደፋለች። የምጠጣውን ውሃ በብርጭቆ ለክታ ለቀኑ ታስቀምጥልኛለች፤ አንድ ጉንጭ ልጨምር ስል እጄን ትይዘኛለች። ነርሶቹ እንደዚህ ተመችቶሽ አያውቅም አሉኝ። እማዬ መለካት ትችልበታለች፤ ከአንቺም ከእኔም ትበልጣለች።

ማሽኑንም አየችው። አራት ሰዓት ሙሉ እግሬን በሁለት እጇ ይዛ ተቀመጠች። ቱቦው ውስጥ ደሜ ሲሄድ በዓይኗ ተከተለችው፤ ሲመለስም ተከተለችው። አሁን ገባት፣ አሁን ይለቃታል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። አንድ ጊዜ ግንባሬን ስማኝ "ልጄ" አለችኝ።

ያበላሸችው ነርሷ ናት፤ ምስኪን፣ ደስ ብሏት ነው። "እንኳን ደስ አለዎት እማማ! ልጅዎ ሰማኒያ ዘጠኝ ገብቷል፤ አንድ ኪሎ ብቻ ነው የቀረው" አለቻት። እማዬ አመሰገነቻት። እጇንም ጨበጠቻት።

በማግስቱ ጠዋት አልጋዬ ላይ ሆኜ ከማድ ቤት ድምፅ ሰማሁ። ዘይት ነው፤ ሲንጨረጨር። እኔ ቤት ዘይት ከገባ ከርሟል፤ ሳልነቃ ሱቅ ሄዳ ነው የገዛችው። ድንቡሼ በልጅነቱ የሚወዳትን፣ ማር የሚፈስባትን ሊጥ እየቆራረጠች ትጠብሳለች። እየጠበሰች ታንጎራጉራለች። ልነሳ እችል ነበር። ተነስቼ በሩ ላይ ቆሜ "እማዬ፣ እኔስ?" ልላት እችል ነበር። አልተነሳሁም፣ ሙሽሪት። መልሷን ፈራሁ።

ትልቅ ጣሳ ሞላች። "ልጄ ከስቷል አሉኝ፤ ልሂድ፣ አይቼው እመለሳለሁ" አለችኝ። ዓይኔን አላየችኝም። የጣሳው ክዳን አልገጥም ሲላት ከስፌት ዕቃዬ ቀዩን ጥብጣብ አውጥቼ ያሰርኩላት እኔ ነኝ። በመስቀለኛ፣ እንዳይፈታ። እንዴት እንዳደረግሁት ባትጠይቂኝ ደስ ይለኛል።

ጣሳው አንቺ እጅ ይገባል። ደብቂው፣ ድፊው፣ ወይም አቅርቢለት። አላዝሽም። መመዘኛው ቀን እስኪደርስ የማድ ቤቱ በር ያንቺ ነው። እኔ ለራሴ እናት እምቢ ማለት አቃተኝ።


ጥር 8

እትዬ፣

ደብዳቤሽ ቀድሞ ደርሷል። አመሰግናለሁ፤ ባይደርስም ጥሩ ነበር።

ጣሳውን ከእማማ ተቀብዬ ቁም ሳጥኑ ላይ ከአንሶላዎቹ ጀርባ ከተትኩት። እማማ አይተውኛል። ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ማሸት ጀመሩ። እኔ ደግሞ ማንኪያውን ከምስማሩ አውርጄ ራት ሠራሁ። እንደዚያ ቀን ተጠንቅቄ ለክቼ አላውቅም። ይሄን የምነግርሽ የቻልኩትን ያህል መሞከሬን እንድታውቂ ነው።

ድንቡሼ ከሥራ ገባ። እማማን አቅፎ ሳመ። ጣሳ ይዘው እንደሚመጡ በስልክ ነግረውት ኖሮ፣ የደንብ ልብሱን ሳያወልቅ ወደ እኔ ዞሮ "የት አደረግሽው?" አለኝ። "ምኑን?" ስለው "ተይ እንጂ" አለኝ። ቤቱን አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አይቶ ወንበር ስቦ ወጣና አወረደው።

ጥብጣቡን ሲያየው ቆመ። "የእሷ ነው" አለ። ብዙ ጊዜ በጣቱ ሲዳስሰው ቆየ። ከዚያ ቢላ አምጥቶ ቆረጠው፤ አልፈታውም፣ ቆረጠው። ቆሞ በላ። አንድ፣ ሌላ አንድ፣ ሌላ። ማሩ በደንብ ልብሱ ላይ እየፈሰሰ፣ እያየኝ በላ።

ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር፣ እትዬ። "ዘይት አፍ ውስጥ አይደበቅም" አለኝ። መናኸሪያ ተቀምጦ ምሳ ዕቃውን ሲከፍት ዘይቱ ከሩዙ ሥር ሲወጣ ያየዋል፤ አይቶ ይበላዋል። "ለምን አልነገርካትም?" አልኩት። "ምን ብዬ? በማሽን ለምትኖር እህቴ ፈራሁ ይባላል? እሷ ናት አዝላ ያሳደገችኝ። እምቢ ከምላት ብወፍር ይሻለኛል ብዬ ነው" አለኝ። አፉ ሞልቶ እያለቀሰ ነው የሚናገረው። እማማ ተነስተው ጀርባውን መታ መታ አደረጉለት። እኔም ውሃ አቀበልኩት። አየሽ፣ አልቀማሁትም። ውሃ ነው ያቀበልኩት።

እንዳልነግርሽ አስምሎኛል። ይኸው እየነገርኩሽ ነው፤ ከዚህ ቤት አንድ ሰው አንድ ጊዜ እውነቱን ይንገርሽ ብዬ ነው። ዛሬ ጠዋት ዘጠና ሆኖ ተገኝቷል። እማማ ማድ ቤቱን ተረክበዋል። ማንኪያው ምስማሩ ላይ ነው ያለው።

ብዙ አሰብኩበት። እማማ፣ እሱ፣ እኔ። ከሦስታችን አንዳችንም እምቢ አላልንሽም። ሁላችንም እሺ ስንልሽ ነው የከረምነው።


ጥር 12

ሙሽሪት፣

ስላልዋሸሽኝ አመሰግናለሁ። ደብዳቤሽን ሁለት ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። መጀመሪያ ልሳደብ ነበር፤ ለእማዬ የምላትን፣ ለድንቡሼ የምለውን ሁሉ ሰድሬ ጨርሼ ነበር። ከዚያ ወንበር ላይ ወጥቶ ጣሳ የሚያወርድ ወንድሜ ታየኝ። ያኔም ቁመቱ ሳይደርስ ወንበር እየሳበ ጣፋጭ ይሰርቅ ነበር፤ እማዬ ስትመጣ የበላሁት እኔ ነኝ የምለው እኔ ነበርኩ።

ትናንት አስተባባሪዋን ነርስ አነጋገርኳት። ወንድሜን ተዉት አልኳት። ለምን አላለችኝም። ልምድ አላቸው መሰለኝ። "እኛ ደውለን በመጨረሻው ምርመራ ለጤናው የማይስማማ ነገር ተገኝቷል እንለዋለን፤ ሌላ ምንም አይሰማም" አለችኝ። ስለዚህ ሐሙስ መመዘን አያስፈልገውም። ሲደውሉለት ማዘኑ አይቀርም። እንዳትታዘቢው፤ ከልቡ ነው የሚያዝነው። አንቺም እንደማታውቂ ሁኚ፤ ይሄን እንኳ ትችይበታለሽ። የመጨረሻው ቀልዴ ነው፣ አትቀየሚኝ።

ስለ እኔ ብትጠይቂ፣ ከወረፋው መጨረሻ ገብቻለሁ። የአንገቴ ቱቦ አመርቅዟል፤ ከእግሬ በኩል ሊሞክሩ ነው። ከእግር በኋላ የት እንደሚሄዱ ጠየቅኋት፣ ወሬ ቀየረችብኝ። ፈርቻለሁ። እኔም አንድ ጊዜ ልበለው ብዬ ነው፤ በጣም ፈርቻለሁ።

እማዬ "አይቼው እመለሳለሁ" ብላኝ ነበር። አትምጣ በያት። መንገዱ ጉልበቷን ያሳምማታል ብላለች በያት። ጣሳዬን ግን ላኩልኝ፣ የቁልፍ ማስቀመጫዬ ነው።

ማንኪያውንም ከምስማሩ አውርጂው። ከእንግዲህ ዘይቱን አትለኩ፤ እንደወደዳችሁ አብስሉ።

እህትሽ